ወንድማችሁ የሚማረው «አይኦቲ» ምንድን ነው?



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት እኅት ስልኳን ይዛ መጣችና ወንድሟ የላከላትን የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። ልጁ አገር ቤት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪውን ይዟል። አሁን ደግሞ «ማስተርሴን በአይኦቲ ልቀጥል ነው፤ እኅቴ፣ እንደ ምንም ብለሽ አግዢኝ» ይላታል። እሷም «ገንዘቡን መላኩን እልካለሁ። ግን የምን ትምህርት እንደሆነ እንኳ ለሰው መናገር አልችልም። እውነት እንዲህ የሚባል ትምህርት አለ ወይስ እያታለለኝ ነው?» አለችኝ። ቀሲስ አጠገባችን ሆነው ሰምተው ኖሮ «ይህንማ ለሁሉም ተናገሪው» አሉኝ። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ የመጣ ነው።

እኔን የጠየቀችኝ ይህንኑ ትምህርት ስለተማርኩ ነው። ታላቅ እኅቴ እዚህ ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ አስተምራኛለች፤ አሁንም እሷን ልጠይቅ መጥቼ ነው ከእናንተ ጋር የተገናኘሁት። እሷም ሰው «እኅትሽ ምን ትማራለች?» ሲላት «የኮምፒውተር ነገር ነው» ብላ ታልፍ እንደነበር በቀደም ነገረችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብሩን እየተቀበልኩ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም።

ለመሆኑ አይኦቲ ምንድን ነው? በአማርኛ «የነገሮች ኢንተርኔት» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ኬቪን አሽተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1999 ነው። ሰውዬው በአንድ ትልቅ የመዋቢያና የሳሙና ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ አንድ የሊፕስቲክ ቀለም ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ እያለቀ ያስቸግረዋል። መጋዘን ውስጥ ሞልቷል፤ ሱቅ ላይ ግን የለም፤ ማለቁንም ለማንም የሚናገር የለም። እሱም «ዕቃው ራሱ በትንሽ የሬዲዮ ምልክት ‹አልቄያለሁ› ብሎ ቢናገርስ?» ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ለአለቆቹ ሲያቀርብ ለንግግሩ የሰጠው ርእስ ነው እስከ ዛሬ የትምህርቱ መጠሪያ ሆኖ የቀረው። ሊፕስቲክ ነው መነሻው፤ እኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል።

ነገሩን ግን እናንተ ከብዙ ተማሪ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ በየቀኑ የምትውሉበት ነውና። በአንዳንድ ሕንጻ ደረጃው ላይ ስትደርሱ መብራቱ ራሱ ይበራል። ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ደግሞ ይጠፋባችኋል፤ እጃችሁን ስታወዛውዙ ተመልሶ ይበራል። ይህ ተአምር አይደለም። ሞቃት የሆነ ነገር ሁሉ፣ የሰው ገላም ጭምር፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ይወጣዋል፤ ኢንፍራሬድ ይባላል። ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ጉልላት የምትመስል ዕቃ ያ ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ትለያለች። ካልተነቃነቃችሁ ለእሷ የላችሁም ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን የምትሰማ ዕቃ ሴንሰር እንላታለን።

ሌላ ምሳሌ። ልብስ ማጠቢያው ውኃው ሲበቃው ራሱ ያቆማል፤ ማቀዝቀዣው ሲበርደው ሞተሩን ያሳርፋል። በብዙ ዕቃ ውስጥ ሙቀት የሚለካው ቴርሚስተር የምትባል የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ሲሞቃት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ታሳልፋለች፤ ሲበርዳት ትከለክላለች። አጠገቧ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ይህን የማሳለፍና የመከልከል መጠን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። እኛ ለልምምድ የምንጠቀምበት ኢኤስፒ 32 የሚባለው ሰሌዳ ለምሳሌ የሚመጣውን ምልክት ከ0 እስከ 4095 ባለው ቁጥር ይጽፈዋል። ሰሌዳው ከጣት ብዙ አይረዝምም፤ ዋጋውም ከ10 ዶላር በታች ነው። ዋይፋይም በውስጡ አለ።

እንግዲህ ዕቃው ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ይሰማል፣ ይወስናል፣ ለሌላ ይናገራል። የድሮው ማቀዝቀዣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያደርግ ነበር። አዲሱ ሦስተኛውን ጨመረ፤ ማዳም ሱቅ ሆና በስልኳ ኤሲውን የምታጠፋው ለዚህ ነው። ኢሽቲራኩ ሲቆረጥና ዋይፋዩ ሲጠፋ «ስልኬ አልታዘዝ አለኝ» ብላ የምትቆጣውም ለዚሁ ነው። መናገሪያው መንገድ ተዘግቷላ!

ይህ ብቻ ከሆነ ሁለት ዓመት ምን ያስተምራል ትሉ ይሆናል። የተማርኩት ኪጋሊ፣ በሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የአፍሪካ የነገሮች ኢንተርኔት የልሕቀት ማዕከል አለ፤ የዓለም ባንክ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ 8 አገሮች ከደገፋቸው 24 ማዕከላት አንዱ ነው፤ ከ24ቱ 4ቱ ደግሞ በእኛው አገር፣ በሌላ የትምህርት ዘርፍ ይገኛሉ። በኪጋሊው ማዕከል ማስተርሱ ሁለት መስመር አለው። አንዱ በዕቃው ውስጥ ስለሚቀበረው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሌላው ሴንሰሮች ያለ ሽቦ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩበት መረብ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ኮርስ ይወሰዳል፤ ከዚያ የመመረቂያ ሥራ ይሠራል፤ የሰውን ወገብ የሚቆርጠውም እሱ ነው።

የእኔ ሥራ ስለ ከሰል ጢስ ነበር። ኪጋሊም እንደ አዲስ አበባ ብዙ ቤት በከሰል ያበስላል። ከሰል በደንብ ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። ጢሱ አልፎ ፍሙ ቀይ ሆኖ «አሁን ጠርቷል» ስንል እንኳ መውጣቱን አያቆምም። እኔ ይህን ጋዝ ሰምቶ የሚጮኽና ለቤቱ ባለቤት በስልክ መልእክት የሚልክ ርካሽ ዕቃ እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ።

በወረቀት ላይ የአንድ ሳምንት ሥራ ይመስል ነበር። የገዛሁት ርካሽ ሴንሰር ውስጡ የቆርቆሮ ኦክሳይድ የተቀባ ነገር አለው፤ ሲግል ብቻ ነው ጋዙን የሚለየው። ስለዚህ 60 ሰከንድ በ5 ቮልት ይሞቃል፣ ቀጥሎ 90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት ቀዝቀዝ ይላል፣ የሚለካውም በዚያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በየሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ ቁጥር ማለት ነው። ይህ ማሞቂያ ደግሞ ባትሪ ይበላል፤ የመጀመሪያው ዕቃዬ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ጠፋ። ጠዋት መጥቼ ሳየው ሞቷል። የሌሊቱን ጋዝ የማይጠብቅ ጠባቂ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ሴንሰሩ ካርቦን ሞኖክሳይድን ብቻ አይደለም የሚሰማው። ጓደኛዬ አጠገቡ እጇን በአልኮል ስታሽ ጮኸ። ሽቶ ስትረጭም ጮኸ። ዝናብ ዘንቦ አየሩ ሲረጥብ ቁጥሩ ይቀየራል። ዕቃ በከንቱ ሦስት ጊዜ ከጮኸ ሰዎች በአራተኛው ነቅለው ያስቀምጡታል፤ እውነተኛው አደጋ የሚመጣው ደግሞ በአምስተኛው ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአልኮል የሚለይበትን መንገድ፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን በሌላ ሴንሰር ለክቶ የሚያርምበትን ስሌት መሥራት ነበረብኝ። መሐንዲስነት እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ገጣጥሞ ማስጮኽማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅም ይችላል።

ሦስተኛው ነገር መቼ ይጩህ የሚለው ነው። በአውሮፓ የቤት ማስጠንቀቂያ ደንብ ዕቃው የሚጮኸው በጋዙ መጠን ብቻ አይደለም፤ በቆይታውም ነው። ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጁ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጮኽ አለበት፤ 300 እጅ ከደረሰ ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ። ምክንያቱም ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ቀስ በቀስ ይከማቻል። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ እሱ ይይዘዋል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

እዚህ ላይ ከወንድማችሁ ጉዳይ ወጣ ብዬ ስለ ራሳችሁ ልናገር፤ ዝም ብዬ ባልፈው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በክረምት እሑድ እሑድ አራትና አምስት ሆናችሁ በተከራያችሁት ክፍል ቡና እንደምታፈሉ አውቃለሁ፤ እኔንም ጠርታችሁኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርዱ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ይደረጋል፤ ከሰሉ ለዕጣንም ለሙቀትም ተብሎ እዚያው ያድራል። እኅቶቼ፣ ይህን አታድርጉ። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉት፤ ቡናውን ብትችሉ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ አፍሉት፤ ዕጣን ካስፈለገ መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ ስትተኙ ፍም በክፍሉ ውስጥ አይደር። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ከያዛችሁ ጉንፋን ወይም ቡዳ አትበሉት። ተያይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ፤ ለቀይ መስቀል በ140 ደውሉ። ሰው ራሱን ከሳተ ጎትታችሁ አውጡት እንጂ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ውኃ አትርጩበት። በአግባቡ ያልተገጠመ የጋዝ ውኃ ማሞቂያም፣ ሶብያም፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ጄኔሬተርም ይህንኑ ያመጣል።

የማብሰያ ጋዝ ግን ሌላ ነው፤ አታምታቱት። እሱ እንድናውቀው ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ለእሱ የሚሠራው ማስጠንቀቂያ ከግድግዳው ግርጌ ይገጠማል፤ ጣሪያ ሥር ቢሰቀል ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሽታው ከመጣ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፤ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ከኮርሶቹ ውስጥ እናንተን በቀጥታ የሚነካ አንድ አለ፤ ስለ ደኅንነት የሚያስተምረው። በቤት ውስጥ ያለው ካሜራ የሚያየውን በዋይፋይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ወዳለ ኮምፒውተር ይልካል፤ ማዳም ስልኳ ላይ የምታየው ከዚያ ነው። ብዙዎቹ ድምፅም ይሰማሉ። በጨለማም ያያሉ፤ ያን ቅድም ያልኳችሁን ዓይን የማያየውን ብርሃን እያበሩ። መብራት አጥፍታችሁ በስልካችሁ የፊት ካሜራ ብታዩት ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ መሳይ ነጥብ ሆኖ ይታያችኋል። የልጆቹ የእጅ ሰዓት ሲም ካርድ ያለው ከሆነ እሱም ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ አንዳንዱ ወላጅ ሲፈልግ ድምፅ የሚያዳምጥበት መንገድ አለው። ልጁን ይዛችሁ መናፈሻ ስትቀመጡ ይህን እወቁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ የቤት ካሜራዎችንና መሰል ዕቃዎችን ማርኮ ነበር። ያደረገው የረቀቀ ነገር አልነበረም። ፋብሪካው የሰጣቸውን፣ ባለቤቶቹ ያልቀየሯቸውን ወደ 60 የሚጠጉ የይለፍ ቃሎች ይዞ በየበሩ ማንኳኳት ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የተማረኩት ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረጉ። ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፦ የቤቱ ካሜራ ማዳምን ብቻ ሳይሆን የማታውቁትን ሰውም ሊያሳይ ይችላል። የይለፍ ቃሉ ይቀየር ብላችሁ ብታሳስቡ ለቤቱ ልጆችም ይጠቅማል፤ ብዙ ማዳሞች ይህን ስትነግሯቸው ይደነግጣሉ እንጂ አይቆጡም።

ካሜራ ሳሎን ውስጥ ቢኖር «የት የት አለ?» ብላችሁ በደኅና ቀን ጠይቁ። የምትተኙበትና ገላችሁን የምትታጠቡበት ቦታ ግን ካሜራ ሊገባበት አይገባም። ካገኛችሁ አትስበሩት፣ አትንቀሉት፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለምታምኑት ሰው ላኩ፣ ለቀሲስም ንገሩ። ብቻችሁን አትያዙት።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ። ትምህርቱ እውነተኛ ነው። ወንድሟም በኤሌክትሪካል መመረቁ ትክክለኛ መነሻ ነው፤ በኮምፒውተር ወይም በኤሌክትሮኒክስ ቢሆንም ያው ነው። ገንዘብ ከመላክ በፊት ግን አንዳንድ ነገር መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የእኅትነት መብታችሁ ነው። የመቀበያ ደብዳቤ አለው ወይ? ደብዳቤው የመጣው ከዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ከደላላ? «ቦታ አስይዝልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ እዚያው ይቁም። የትምህርት እርዳታ አመልክቷል ወይ? በማስተርስ ደረጃ የትምህርት እርዳታ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። በአገር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ያስተምር ከሆነም ብዙ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስተምረዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አድርጉ። በቪዲዮ ይደውልና የሠራውን አንድ ነገር ያሳያችሁ። ሙቀት ለክቶ ቁጥር የሚያወጣ፣ አፈር ሲደርቅ መብራት የሚያበራ፣ ምንም ይሁን። ሰሌዳው ርካሽ ነው ብያችኋለሁ፤ «ገንዘብ ስላልነበረኝ አልሞከርኩም» የሚለው ለአምስት ዓመት ተማሪ ጥሩ ምክንያት አይደለም። ሠርቶ ካሳያችሁና ለምን እንዲህ እንደሆነ በአማርኛ ማስረዳት ከቻለ እጁ አለበት። በእንግሊዝኛ ቃል እየሸፈነ ካለፈ ግን ገና ነው፤ ስድስት ወር ሞክሮ ይምጣ በሉት። ይህን ስል ጨክኜ አይደለም። እኔም በዚያ ጊዜ እኅቴ እንዲህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ኪጋሊ ስደርስ ያን ያህል ባልደናገጥኩ።

ሥራ ያገኝበታል ወይ ላላችሁኝም፣ «አይኦቲ መሐንዲስ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አገር ቤት በየቀኑ አይወጣም። እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ሙያው ግን በሌላ ስም ይገኛል። የአበባ እርሻዎች የመስታወትና የላስቲክ ቤቶቻቸውን ሙቀትና እርጥበት ይከታተላሉ፤ የሆስፒታል መሣሪያ የሚጠግን ሰው ይፈለጋል፤ የፀሐይ መብራትም አለ። ኬንያ ውስጥ ኤም ኮፓ የሚባለው ድርጅት ለድኻ ቤተሰብ የፀሐይ መብራት በዱቤ ሲሰጥ ኖሯል፤ ሰዎች በስልካቸው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይከፍሉ ነበር፤ ዕቃው በውስጡ ባለው ሲም ካርድ መከፈሉን አውቆ ይበራ ነበር፤ ካልተከፈለ ይቆለፍ ነበር። ያን ዕቃ የሚሠራና የሚያድስ ሰው የተማረው ይህንኑ ትምህርት ነው። ወንድማችሁ ሥራ ቢጠፋ ራሱ የሚጀምረው ነገር አስቧል ወይ? ይህንንም ጠይቁት።

የእኔን የጋዝ ዕቃ ምን አደረግሽው ያላችሁኝ አላችሁ። በመጨረሻ ርካሹን ሴንሰር ትቼ ማሞቂያ የማይፈልግና ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚበቃውን ዓይነት ተጠቀምኩ፤ በፋብሪካ የሚሠሩት ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ዋጋው ከፍ አለ፤ ግን አልኮል ሲሸተው እንደ ፊተኛው አይደናበርም፤ ባትሪውም ወራት ይቆያል። አንዱን በሻንጣዬ ይዤ መጥቻለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥለን አጠገቡ እናስቀምጠዋለን፤ ፍሙ ጠርቶ ጢሱ ከጠፋ በኋላ ቁጥሩ ስንት እንደሚል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ለቡና ወደምትሰበሰቡበት ትልቁ ክፍል ይሄዳል፤ ማን ጋ እንደሚቀመጥ እናንተው ተነጋገሩ። ጀበናና ስኒ የምታመጣ እኅት ለቀሲስ ስሟን ታስመዝግብ።